ሰማያዊው በር

ሶፋ አዳሽ የሰው ገመና ያውቃል። ሰው ተመቻችቶ ሲቀመጥ ከኪሱ የሚያፈሰውን ሁሉ እሱ ነው የሚለቅመው። ሚስማር በሥራ ዘመኑ ከሶፋ ሆድ ያላወጣው ነገር የለም፤ ማበጠሪያ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ያልተከፈተ የሠርግ ጥሪ፣ አንድ ጊዜም ሙሉ የታችኛው መንጋጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ። የጥርሱ ባለቤት አፋቸውን በእጃቸው ከልለው «የእኔ አይደለም» ሲሉ ምለው ተገዝተው፣ በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ልከው አስወሰዱት። ሚስማር ትንፍሽ አላለም። ሙያው ነው።

ሚስማር የወጣለት ስም ነው፤ የወጣለትም ሚስማር መምታት ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት። አንገቱ ቀጭን፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ልጅ ስለነበረ እህቱ አወጣችለት፣ ሰፈሩ አጸደቀው፣ አሁን የሱቁ በር ላይ ሳይቀር «ሚስማር ሶፋ ማደሻ» ተብሎ ተጽፏል።

ያን ቀን ጠዋት ሱቁ መሃል እግሩን ሰቅሎ የተኛው ሶፋ ግን የደንበኛ አልነበረም። የገዛ እናትና አባቱ ነበር። እናቱ «የሰዉን ሁሉ ሶፋ እያደስክ እኔን ስፕሪንግ ይብላኝ?» እያሉ ሲነዘንዙት ከርመው ነው በመጨረሻ ያስመጣው። የታችኛውን ጨርቅ የያዙትን ሽቦዎች በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለ፤ ጨርቁን ሲገፈው የዘመናት አቧራ ቡን አለ፤ ከአቧራው ጋር አንድ ጥቁር ነገር ከስፕሪንጎቹ መሃል ተንሸራቶ እግሩ ሥር ዱብ አለ። መጀመሪያ አይጥ መስሎት ወደ ኋላ ዘለለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ጉጠቱን ጥሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

የዲቪዲው ሪሞት ነበር።

ለአንድ ሪሞት ይህን ያህል? የሚል ካለ በዚያ ዘመን ልጅ አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ፊልም በዲቪዲ ሳህን ነበር የሚመጣው፤ የልጆች ካርቱን ደግሞ አልቆም አያልቅም ነበር። ፊልሙ ተጠናቆ ስሞቹ ወደ ላይ ተንጋግተው ካለፉ በኋላ ወደ ማውጫው ትመለሳለህ፤ ያቺው አጭር ዜማ እየተደጋገመች ትጠብቅሃለች፤ ታች ጥጉ ላይ «ልዩ ስጦታ» የምትል ነገር አለች። እሷን ስትጫን ስታየው የዋልከው ፊልም ዞር ይልና «አሁን የአንተ ተራ ነው» ይልሃል። የዛሬ ልጅ ስልኩን ዳሰስ አድርጎ በአንድ ቀን የማይጫወተው ጨዋታ የለም፤ አይደንቀውም፣ ምስኪን። ያኔ ግን የሪሞቱን የቀስት ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭነህ ማጫወቻው እስኪያጉረመርም፣ ሳህኑ ውስጡ እስኪሽከረከር፣ ማያው ጥቁር ሆኖ እስኪቆይ ድረስ ነፍስህ ጉሮሮህ ላይ ትቀመጣለች። አልፌ ይሆን? ወድቄ ይሆን? ያቺ ጥቁር ሰዓት ነበረች ጨዋታው።

የእነ ሚስማር ሳህን ደብዳቤ የምታመላልስ ኤሊ ፊልም ነበር። በጨዋታው ኤሊዋ ከረጢቷን አንግታ ከበር በር ትሄዳለች፤ በየበሩ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጠባቂ ቀንድ አውጣ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከያዘህ ፊሽካውን ነፍቶ ወደ መጀመሪያው በር ይመልስሃል። የመጨረሻው በር ሰማያዊ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ኤሊዋ ወደ ተመልካቹ ዞር ብላ «ከሰማያዊው በር ጀርባ በፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር አለ» ትላለች፣ ዓይኗን ጠቅሳ። ለዚህች ጥቅሻ ሲባል ሁለት ልጆች ስንት የቤት ሥራ ሳይሠሩ ቀሩ።

ሦስት ሆነው ነበር የሚጫወቱት። ወደ ቀኝ የሚወስደው ቁልፍ ስለሰመጠ ከጎኑ በጥፍር ጫፍ ካልተጫኑት አይታዘዝም፤ እሱን የምታውቅበት ታላቅ እህቱ ብቻ ስለነበረች ሪሞቱ ከእጇ አይወጣም። ቤተሰቡ «አለቃ» የሚላት በከንቱ አይደለም። ሚስማር ማያው ሥር ተንበርክኮ ቀንድ አውጣውን ይሰልላል። አባታቸው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ፣ ከሥራ እንደተመለሱ የደንብ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከኋላቸው ሶፋው ላይ ቁጭ ይሉና ያሽከረክራሉ። «ቀኝ ያዥ። ፍሬን። ፍሬን ስልሽ። መስታወት እይ አንተ ልጅ።» ኤሊ መስታወት የላትም ብሎ የሚከራከራቸው አልነበረም።

አንድ ቀን ማታ ሰማያዊው በር ፊት ደረሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ። በሩን አዩት፤ የወርቅ እጀታውን አዩት፤ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ሪሞቱ የለም። ማጫወቻው ፊት ላይ ያሉት ቁልፎች ፊልም ያስጀምራሉ፣ ያቆማሉ እንጂ ቀስት የላቸውም፤ ሌላ ሪሞት አመጡለት፣ አልታዘዝ አለ። ቤቱ ተፈተሸ፣ የሶፋው ትራስ ተነሳ፣ ምንጣፍ ተገለበጠ። ሚስማር «አለቃ ሽንት ቤት ጣለችው» አለ። አለቃ «በብይ ለወጠው» አለች። ሁለቱም ተቀጡ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኸ ነው፤ ሶፋው በኋላ በኩል በተተረተረ ስፌት ሪሞቱን ውጦ፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው ሲካሰሱ እየሰማ ሃያ ምናምን ዓመት ዝም አለ።

ሚስማር ሪሞቱን በሸሚዙ ጠረገውና ስልኩን አነሳ። እህቱ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስልክ ስታነሳ ሄሎ አትልም።

«ማን ምን ሆነ?» አለች።

«ሪሞቱ ተገኘ።»

 ከወዲያ በኩል የምታቃስት ሴት ትሰማለች።

«የቱ ሪሞት?» አለች፣ የቱ እንደሆነ ልቧ እያወቀ።

«የኤሊዋ።»

«ከየት?»

«ከሶፋው ሆድ።»

«ሽንት ቤት አልጣልኩትም ማለት ነው።»

«በብይም አልለወጥኩትም ማለት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ቀድማ ያቆመችው እሷ ነበረች። «አባባስ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሚስማርም ሪሞቱን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ የሚያስበው አባቱን ነበር። የሽማግሌው ዓይን ግፊት ይዞታል። አንደኛው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌላው ዙሪያውን ጨልሞ መሃሉ ብቻ ቀርቷል። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው» ይላሉ ሲጠየቁ፣ እንደ ቀልድ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ቀዳዳዋም እየጠበበች እንደሆነ፣ ወራት እንጂ ዓመት እንደማትቆይ፣ መድኃኒቱም የሄደውን እንደማይመልስ ነገራቸው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት፤ «ያየሁትን አይቻለሁ፣ ምን ቀረኝ» አሉ። አለቃና ሚስማር በመስታወቱ ተያዩ። አሁን ግን የቀራቸው ነገር ተገኝቷል። ሚስማር አባቱ ሰማያዊው በር ሲከፈት ማየት አለባቸው ብሎ ቁርጥ አድርጎ ወስኗል፤ ዛሬ፣ ቀዳዳዋ ሳትዘጋ።

«ስሚ፣ ዛሬውኑ» አላት።

«እጄ ላይ ልጅ ሊወለድ ነው። እሱ እንደወጣ ፈረቃዬም ያልቃል፣ መጣሁ። ሚስማር፣ እኔ ሳልደርስ አንዲት ቁልፍ ብትነካ እጅህን ነው የምቆርጠው።»

ሱቁን ዘግቶ የተገለበጠውን ሶፋ ሆዱ እንደተዘረገፈ ጥሎት ሄደ። እናቱ በር ሲከፍቱ በመጀመሪያ የጠየቁት ሶፋው የት እንዳለ ነበር፤ ሪሞቱን ሲያሳያቸው ደግሞ «ይኼ ጉድ ተመልሶ መጣ?» አሉ። አባቱ ከጓዳ ወጡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየተከተሉ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሪሞቱን ተቀብለው አላዩትም፣ ዳሰሱት። አውራ ጣታቸው የሰመጠውን ቁልፍ ሲያገኝ ፊታቸው በራ።

«ቀኙ ነው» አሉ። «ማጫወቻው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ ከነሳህኑ። አልጣልኩትም።»

«እኔ ጣለው ያላልኩበት ቀን የለም» አሉ እናቱ። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። በሩ ከተከፈተ አንድ ነገር ይኖራል እያለ ሁለት ልጅ ሳሳድግ አባት ሦስተኛ ልጅ ሆነብኝ።» እያጉረመረሙም የማጫወቻውን አቧራ የሚጠርጉበት እርጥብ ጨርቅ ይዘው መጡ።

አለቃ ከነሆስፒታል ነጭ ጫማዋ ደረሰች። ልጁ ወንድ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልተወራም። የሪሞቱ ባትሪዎች ፈስሰው ውስጡን ነጭ ዝገት አልብሰውት ነበር፤ ከቦርሳዋ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ቆዳ የምትጠርግበትን በአልኮል የራሰ ጥጥ አውጥታ እንደ እትብት ተጠንቅቃ ጠረገችውና አዲስ ባትሪ አስገባችበት። ሚስማር በቢላዋው ጫፍ ማጫወቻውን ከቴሌቪዥን የሚያገናኘውን ገመድ የዛገ ቢጫ ጫፍ ፋቀ። አዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጀርባው ላይ ለቢጫ ገመድ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ማንም አያውቅም ነበር፤ ሚስማር ግድግዳው ላይ ጉንጩን ለጥፎ በጣቱ ፈለገ፣ አገኘ፣ ሰካ። ማጫወቻውን ሲያበሩት ጉሮሮውን እንደሚያጸዳ ሰው አጉረመረመና ዝም አለ።

«ሞተ» አለች አለቃ።

«ታገሺ» አሉ አባቷ። «ሁሌም እንዲህ ነው የሚነሳው።»

ያቺ ዜማ መጣች። ያቺው፣ እየተደጋገመች የምትጠብቀው። ሚስማር ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ሲቆም ታወቀው፤ እህቱን ሲያይ አፏ ቀድሞ ይዘፍናል፣ ቃሉን አንዱንም ሳትረሳ። አርባ ዓመት የሚጠጋት ሴት፣ ስንት ሕፃን ወደዚህ ዓለም ያወጣች፣ መቀመጫዋ ላይ ትዘላለች።

መቀመጫ ማለት ወለሉ ነው። ሶፋው ሱቅ ስለሆነ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ የአራት እግሩ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱ መሬት ቁጭ አሉ፣ ድሮ እንደሚቀመጡት። አባታቸውን ግን በርጩማ አምጥተው ማያው አፍንጫ ሥር አስቀመጧቸው፤ ሚስማር በርጩማውን ወደ ግራ አስጠጋ፣ ወደ ቀኝ መለሰ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ ትንሽ ከፈተ።

«አባባ፣ መሃሉ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል።»

«በሩ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው፤ ወደዚህ ዞር ቢሉ ይሻላል።»

«አንተ ልጅ፣ ሙሽራ አደረግከኝ እኮ። ንዳ።»

ኤሊዋ ዓይኗን ጠቀሰች። ጀመሩ። የመጀመሪያውን በር አለቃ ዓይኗን ጨፍና ያለፈችው ይመስል ነበር፤ ጣቷ አልረሳም። ሁለተኛው ላይ ሚስማር «መጣ፣ መጣ፣ ዞረ» እያለ ሰለለ፤ አለፉ። ጥቁር፣ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ብርሃን። አባታቸው አሁን በቁልፍ ቀዳዳቸው ኤሊዋን ከጫፍ ጫፍ እያሳደዱ አንገታቸውን ያዞራሉ፤ «ቀኝ ያዥ» ይላሉ፣ «ፍሬን» ይላሉ፣ ድምፃቸው ወደ ሹፌርነት ዘመኑ ተመልሷል። ሚስማር ግን ማያውን ማየት ትቶ በየመሃሉ እሳቸውን ያያል። «አዩት አባባ? ይኸኛውን አዩት?» አለቃም እንደዚያው፤ ቁልፍ ትጫንና ዞር ብላ አባቷን ታያለች። እንዲህ ሲተያዩ ቀንድ አውጣው አራተኛው በር ላይ ያዛቸው። ፉጨት። ወደ መጀመሪያው በር።

በሁለተኛው ሙከራ ሰማያዊው በር ድረስ ደረሱ። የወርቅ እጀታው ላይ ሚስማር «አባባ፣ በሩ፣ በሩ ይኸውና» ብሎ ትከሻቸውን ሲወዘውዝ አለቃም አብራ ዞረች። ፉጨት።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ አባታቸው፣ እውነት ተቆጥተው። «እኔን ምን ታያላችሁ? ሹፌር ተሳፋሪ ካየ መኪናው ገደል ነው። መንገድ እዩ።»

«እርስዎ እንዲያዩ ብለን ነው እኮ» አለ ሚስማር፣ ድምፁ ሲሰበር ለራሱም ደነገጠ። «ለእርስዎ ነው ይኼ ሁሉ።»

 አባቱ እጃቸውን ሰደዱና ጭንቅላቱን አገኙ፤ ድሮ እንደሚያደርጉት በመዳፋቸው ጫን አሉት። «ካልነዳችሁ የት እደርሳለሁ?» አሉ። «በሉ እንደገና።»

ሦስተኛውን ሙከራ ሚስማር ዕድሜውን ሙሉ ያስታውሰዋል። ማንም ማንንም አላየም። አለቃ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነበር፤ አንደኛው በር፣ ሁለተኛው፣ ሳህኑ አንድ ቦታ ላይ ተንቀጥቅጦ ምስሉ ሲሰባበር ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ፣ ተመለሰ፣ አራተኛው በር፣ ድልድዩ፣ የሚያንቀላፋው ቀንድ አውጣ፣ የማያንቀላፋው ቀንድ አውጣ። እናታቸው ሳህን ማጠቢያውን ትተው በር ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሰማያዊው በር መጣ።

እዚህ በር ላይ ጠባቂው በጣም ፈጣን ነው፤ ሚስማር ቢሰልል ቢሰልል ዓይኑ አልደርስ አለ። «አልቻልኩም፣ ቀደመኝ» አለ።

«እኔ ይዤዋለሁ» አሉ አባቱ። ቀዳዳቸውን በሩ መሃል ላይ ተክለው ነበር። የጠባቂው ወዲያና ወዲህ ማለት አያታልላቸውም፤ የሚያዩት በመሃል ሲያልፍ ብቻ ነው። «አለፈ» አሉ። «አለፈ። አለፈ። አሁን ቀኝ።»

አለቃ የሰመጠውን ቁልፍ ከጎኑ በጥፍሯ ተጫነች።

ማያው ጠቆረ። ማጫወቻው አጉረመረመ። ሳህኑ ውስጡ ተሽከረከረ፣ ቆመ፣ እንደገና ተሽከረከረ። ፉጨት አልተሰማም። ሚስማር ሲጠብቅ ሲጠብቅ ፉጨት አልተሰማም። ከዚያ የሽማግሌው ፊት ላይ ሰማያዊ ብርሃን ፈሰሰ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፤ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ፤ አፋቸው ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ አንዲት ቀዳዳ ውስጥ የቀረች ዓይናቸው ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች፣ አንዳች ነገር ተከትላ ሮጠች። ከዚያ ሳቁ። ሚስማር አባቱ እንዲህ ሲስቁ ካየ ቆይቷል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ሚስማርም ሳቀ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፤ ደስታው ደረቱን ሊቀደው ደረሰ። አዩ፣ አለ በልቡ፣ አዩ፣ ደረስን።

ያቺው ዜማ መጣች። ማውጫው ተመልሷል።

«አያችሁ?» አሉ አባታቸው ዞር ብለው፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «አያችሁ ያደረገችውን?»

ሚስማር አለቃን አየ። አለቃ ሚስማርን አየች። ሁለቱም እናታቸውን አዩ።

«እኔን አትዩኝ» አሉ እናታቸው። «እኔ የእሱን ፊት ነው ሳይ የነበረው።»

«እኔም» አለች አለቃ፣ በሹክሹክታ።

ክፍሉ ውስጥ አምስት ጤነኛ ዓይን ነበር፤ አንደኛው የእናታቸው የሞራ ግርዶሽ ስላለበት አይቆጠርም። አምስቱም ማያውን አላዩም። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ።

«ግድ የለም» አለች አለቃ ቶሎ ብላ፤ ሪሞቱን አነሳች። «እንደገና እንሄዳለን። አሁን መንገዱን አውቀነዋል።»

አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉና የእሷን እጅ ከነሪሞቱ ያዙት።

«ቆይ» አሉ። «ይደርሳል፣ አይሸሽም። ከእንግዲህ እኮ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። ደረጃ አለ ትሉኛላችሁ፣ ዝናብ መጣ ትሉኛላችሁ፣ የልጅ ልጅ ሲወለድ ማንን እንደሚመስል ትነግሩኛላችሁ። እኔም አምናችኋለሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ።» ትንሽ ሳቁ። «ይቺን አንዷን ግን እኔ ልንገራችሁ። ተቀመጡ። አንቺም ነይ ተቀመጪ።»

እናታቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው አድርቀው ወለሉ ላይ ከልጆቻቸው አጠገብ ተቀመጡ። ሚስማር ድምፁን ለማጥፋት ወደ ማጫወቻው ሄዶ ተመለሰ። አባቱ በርጩማውን አዙረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሁለት እጃቸውን መሪ እንደሚይዙ አድርገው ዘረጉ።

«በሩ እንደተከፈተ» አሉ፣ «ኤሊዋ መጀመሪያ ከረጢቷን አወረደች። እኔ አሁን ሌላ ደብዳቤ ታወጣለች ብዬ ሳስብ፣ ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ማን መሰላችሁ?»